የተቆለፈው ግሪንሃውስ

አንድ ባዩልኝ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ነበር። የሚኖርባት አገር፣ ብዙ ሰው ሐሺሽ እያለ የሚጠራው ዕፀ ፋርስ ለመድኃኒት ብቻ እንዲመረት በሕግ ፈቅዳ ነበር። ከአበባው የሚወጣው ዘይት የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ይታዘዛል። ለሚያጨስ ሰው ግን አንዲት ቅጠል እንኳ መሸጥ ፈቃድ ያስነጥቃል፤ ወህኒም ያስወርዳል። ባዩልኝ የሚመራው ድርጅት ትንሽ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በታጠረ ግቢ ውስጥ ተክሉ የሚያድግባቸው ሁለት ግሪንሃውስ፣ አንድ ማድረቂያ ክፍል፣ አንድ የዘይት ማውጫ፣ በቃ።

ባለቤቶቹ የከተማው ሰዎች ናቸው። ጡረተኛው፣ መምህሩ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ የፋርማሲ ባለቤቷ ያላቸውን አዋጥተው አክሲዮን ገዝተዋል። ድርጅቱ ከተቋቋመ ጀምሮ ግን ትርፍ የሚባል ነገር አላዩም። መጀመሪያ ፈቃዱ ዘገየ። ቀጥሎ የመጣው ዘር አልበቅል አለ። ከዚያ ደግሞ የውሃ ፓምፑ ተቃጠለ። በየስብሰባው «ዘንድሮስ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ባዩልኝም በየስብሰባው «ለሚቀጥለው» ይላቸዋል። እየቆየ ሲሄድ ጥያቄው እየጠነከረ፣ መልሱ እያጠረ መጣ።

ባዩልኝ ሌባ አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ከዕቃ ግዢ ላይ ኮሚሽን አልበላም፤ ዘመዱን አልቀጠረም፤ የድርጅቱን መኪና ለግል ጉዳዩ አልነዳም። ሠራተኛው ሳይገባ ይገባል፤ ሠራተኛው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ይወጣል። ችግሩ፣ ይህ ንጽሕናው ቀስ በቀስ ወደ ትዕቢት መለወጡ ነበር። «እጄ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ማን ሊጠይቀኝ ይችላል?» ይል ነበር በልቡ። ባለአክሲዮኖቹን ትርፍ ብቻ የሚያልሙ፣ ስለ ተክል የማያውቁ፣ ቢነግሯቸውም የማይገባቸው ሰዎች አድርጎ ነበር የሚያያቸው። ሲደውሉለት ስልኩን አያነሳም። ቢሮው ድረስ ሲመጡ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች።

ከሁሉም አብልጦ የሚፈራው ሻምበል ደግፌን ነበር። ሻምበል በጡረታ የተሰናበቱ ወታደር ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ሻካራ። በጉባኤ መሀል ሲነሱ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። የዚያን ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ሊደርስ ሲል፣ ሻምበል ሥራ አስኪያጁን ለማውረድ ቤት ለቤት እየዞሩ ድምፅ እያሰባሰቡ ነው የሚል ወሬ ባዩልኝ ጆሮ ገባ።

በዚሁ መሀል ነው በሽታው የመጣው።

አንድ ጠዋት የሰብል ባለሙያዋ ትርሲት ወደ ሁለተኛው ግሪንሃውስ ጠራችው። ትርሲት በትንሽ በትልቁ ሰው የምትጠራ ሴት አይደለችም፤ ስለዚህ ገና ስትጠራው ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባው። ከዳር ያሉትን ተክሎች ቅጠል ገልበጥ አድርጋ አሳየችው። ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

«ሻጋታ ነው» አለችው። «እስካሁን በዚህ ጥግ ብቻ ነው ያለው። የታመመውን ቆርጠን ካቃጠልን፣ ከዚህ ቤት ወደዚያኛው ማንም እንዳይመላለስ ካደረግን፣ አንደኛው ግሪንሃውስ ይተርፋል። አበባው ሊደርስ ምንም አልቀረውም።»

«ጥሩ፤ ዛሬውኑ ይዘጋ።»

«ለቦርዱስ?»

«ለቦርዱ ምን?»

«እንንገራቸው እንጂ። ለባለአክሲዮኖቹም ጭምር። ጉባኤው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው የሚደረገው። ያን ሁሉ ሰው ስለ በሽታው ሳናስጠነቅቅ እንዴት እናስገባዋለን?»

ባዩልኝ ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ እነዚህን ሰዎች አታውቂያቸውም። ሻጋታ ገባ ስትያቸው ድርጅቱ ከሰረ ብለው ነው የሚሰሙት። ሻምበልማ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። አንደኛውን ቤት በሰላም እንሰብስብ፣ ዘይቱን እናውጣ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ።»

«በሩ ተዘግቶ ሲያዩስ ምን ይሉ ይሆን?»

«ጥገና ላይ ነው እንላለን።»

የዚያኑ ዕለት በሩ በሰንሰለት ታስሮ ተቆለፈ። ቁልፉን ባዩልኝ ኪሱ ከተተው። ለሠራተኞቹም ስለ ሁለተኛው ቤት አንዲት ቃል የተነፈሰ ከሥራው ይሰናበታል ተባለ።

አንዱ ነገር ሌላውን ይዞ መጣ። ሕጉ፣ የሚወገድ ዕፀ ፋርስ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ባለበት ይቃጠል ይላል። ተቆጣጣሪ ከተጠራ ግን ወሬው ወዲያው ከተማ ይገባል። ግቢ ውስጥ ቢያቃጥሉት ደግሞ ጭሱ ይታያል፤ ሽታውም አይደበቅም። ስለዚህ ባዩልኝ የታመመውን ተክል በአይሱዙ አስጭኖ፣ ሸራ አስለብሶ፣ ቀድሞ ድንጋይ ይወጣበት ወደነበረ ገደል አስወሰደውና እዚያ ተቃጠለ።

«ይሄ እንኳ ልክ አይደለም» አለችው ትርሲት።

«አንዴ ብቻ ነው።»

አንዴ ብቻ ግን አልሆነም። ሻጋታው በየጊዜው አዲስ ተክል ላይ ብቅ እያለ፣ አይሱዙም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሸራውን ለብሶ ከግቢው መውጣቱን ቀጠለ። ባዩልኝ እንቅልፉ ተረበሸ። ዘበኛው ሰላም ሲለው «ይሄ ሰውዬ ለማን ተናግሮ ይሆን?» እያለ ዓይን ዓይኑን ያያል። ሠራተኞች ተሰብስበው ሲያወሩ ካየ የሚያሙት እሱን ይመስለዋል። ምንም ሳይሰርቅ እንደ ሰረቀ ሰው መራመድ ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻምበል ደግፌ ጸሐፊዋን አልፈው ቢሮው ገቡ። ይቀመጡ ሳይባሉ ተቀመጡ።

«አቶ ባዩልኝ፣ ሁለተኛውን ግሪንሃውስ ማየት እፈልጋለሁ» አሉ።

«ጥገና ላይ ነው፣ ሻምበል።»

«ጥገናውን ልየው።»

«ባለአክሲዮን ሁሉ እየመጣ በር ክፈቱልኝ ካለ እኛ ሥራ መሥራት አንችልም። ጥያቄ ካለዎት ጉባኤው ደርሷል፤ እዚያ ያቅርቡ።»

«የገዛ ቤቴን በር በጉባኤ ነው የማስከፍተው?»

«ቤቱ የድርጅቱ ነው።»

«ድርጅቱስ የማን ነው?»

ባዩልኝ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ሌላም የምጠይቀው አለኝ» አሉ ሻምበል። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። «ያ ማታ ማታ ሸራ ለብሶ የሚወጣው አይሱዙ ምንድን ነው የሚጭነው?»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሻጋታ ነው፣ ፈርቼ ነው፣ ይርዱኝ ቢል በዚያች ሰዓት ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ፊቱ የተቀመጡት ሊያወርዱት ድምፅ የሚያሰባስቡ ሰው ናቸው። ይህን ሲያስብ ልቡ ደነደነ።

«ፍግ ነው» አለ።

«ፍግ?»

«አዎ፣ ፍግ።»

«አቶ ባዩልኝ፣ እኔ ገበሬ ቤት ነው ያደግሁት። ፍግ ወደ እርሻ ሲገባ አይቻለሁ። ከእርሻ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም።»

ተነሥተው ሄዱ። በሩን እንኳ አልዘጉትም።

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ እሳት ተያያዘ። ሥራ አስኪያጁ ዕፀ ፋርሱን በኋላ በር ለሚያጨሱ ሰዎች እየሸጠ ነው ተባለ። አንዱ ገዢዎቹን በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ሌላው ባዩልኝ ዋና ከተማ ቤት እያሠራ ነው አለ። ሦስተኛው ፖሊስ ሊመጣ ነው፣ አክሲዮናችን ሊወረስ ነው ብሎ ሚስቱን አስለቀሰ። ማንም ግን ወደ ትርሲት ሄዶ የጠየቀ አልነበረም። ሻምበልም ከአይሱዙ ኋላ ተከትለው እስከ ገደሉ ቢሄዱ አመዱን ባገኙት ነበር፤ አልሄዱም። በጠረጠሩት እርግጠኛ ለመሆን ያዩት በቂ መስሎ ታያቸው።

የጉባኤው ዕለት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሰዉ እንደ ሌላው ጊዜ እየተሳሳቀ አልመጣም። የሥራ አስኪያጁን እጅ የጨበጠው ጥቂት ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ አጸደ፣ የፋርማሲዋ ባለቤት፣ ጉባኤውን ከፍተው ሪፖርቱን እንዲያቀርብ ጋበዙት። ባዩልኝ ስለ አንደኛው ግሪንሃውስ አበባ ማማር፣ ዘይቱን ሊረከብ ስለተስማማው ሆስፒታል አነበበ። «ሁለተኛው ግሪንሃውስ በጥገና ላይ ስለሆነ» ሲል ከድንኳኑ ኋላ የምሬት ሳቅ ተሰማ።

ሻምበል ተነሡ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ እኔ ስለ ትርፍ አልጠይቅም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። በሩ ይከፈት። ውስጡ ተክል ካለ እኔ ይቅርታ ጠይቄ እቀመጣለሁ። ከሌለ ግን ይህ ሰው ሁላችንንም ወህኒ ሊያስወርደን ነው።»

«ይከፈት!» አለ አንዱ። «ይከፈት! ይከፈት!» አለ ድንኳኑ ሁሉ።

ወይዘሮ አጸደ ወደ ባዩልኝ ዞሩ። «አቶ ባዩልኝ፣ ይክፈቱና ነገሩ ይለቅ።»

ባዩልኝ ሕዝቡን አየ። ትርሲትን አየ፤ ከዳር ቆማ፣ እጆቿን አጣምራ፣ በዓይኗ «ተናገር» ትለዋለች። የገዛ ልቡም «ተናገር» ይለዋል። ነገር ግን አሁን የሚናገረው ሻጋታውን ብቻ አይደለም፤ ስለ ጥገናው የዋሸውን፣ ስለ ፍጉ የዋሸውን፣ ያለ ተቆጣጣሪ ያቃጠለውን ሁሉ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በሻምበል ፊት። ቁልፉ በኪሱ ሆኖ ጭኑን ይወጋዋል።

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አለ።

ሻምበል ከዚህ በኋላ ለሰብሳቢዋም አልተናገሩም። በቀጥታ ወደ ባዩልኝ ጣታቸውን ቀሰሩ። እርስዎ ማለታቸውም ቀረ። «አንተ ሌባ ነህ!» አሉና ከድንኳኑ ወጡ። ሰዉ ወንበሩን እየገለበጠ ተከተላቸው። አንድ ጎረምሳ ከግንባታ የተረፈ ፌሮ አገኘ፤ ሰንሰለቱ ውስጥ አስገብተው ጠመዘዙት። ሰንሰለቱ ተበጥሶ ወደቀ።

ገቡ። ያዩት ባዶ ቤት አልነበረም። ግማሹ መደብ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል፤ የቀረው ተክል ነጭ ነገር ለብሷል። ሰዉ በየመደቡ እየተሽሎከሎከ ቅጠሉን ይነካል፣ ያሸታል፣ ይቀነጥሳል። ነጩ ዱቄት በኮቱ፣ በነጠላው፣ በእጁ ላይ ይራገፋል። ስለ ሻጋታው የሚያውቅ አንድም ሰው በመካከላቸው አልነበረም። የሚያዩት የተቆረጠውን ብቻ ነው።

«ግማሹን ሸጦታል!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። «አንደኛውንም እንየው! እሱንም ጨርሶት ይሆናል!»

ሕዝቡ ተመልሶ ወደ አንደኛው ግሪንሃውስ ጎረፈ። ትርሲት ቀድማ ሮጣ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«በእግዚአብሔር! በልብሳችሁ ይዛችሁት ትገባላችሁ! በሽታ ነው፣ በሽታ!»

«ይሄም ጥገና ላይ ነው?» አሉ ሻምበል።

ባዩልኝ ከኋላ እያለከለከ ደረሰ። ክራቫቱ ተጣሟል። «እውነቷን ነው!» ብሎ በድምፁ ሙሉ ጮኸ። «ሻጋታ ነው! የተቆረጠው ታሞ ነው! አቃጠልኩት እንጂ አልሸጥኩትም! እባካችሁ አትግቡ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ። የሰማውም ሁሉ አላመነውም። ቅድም ቁልፍ የለኝም ያለው ሰው እንዲያምኑት ብሎ ቁልፉን አሁን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ይዞ እያሳያቸው ነበርና። ትርሲትን ገፍተው ገቡ።

አንደኛው ቤት ያምር ነበር። ተክሉ ሙሉ፣ አበባው ድብል ድብል ያለ፣ ሽታው የሚያውድ። ሰዎቹ ከመደብ መደብ እየተላለፉ አረጋገጡ። አንድም አልጎደለም። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው፣ ጥቂቶቹ አፍረው ወጡ። ጉባኤው ሳይቋጭ ተበተነ።

ብዙ ሳይቆይ ነጩ ዱቄት አንደኛው ግሪንሃውስ ውስጥ ታየ። በአንድ ጥግ ቢሆን ኖሮ ይቆረጥ ነበር። ሰዉ በረገጠበትና በነካበት ቦታ ሁሉ ነው የወጣው። የሻገተ አበባ ደግሞ መድኃኒት አይሆንም። ወይዘሮ አጸደ ራሳቸው ተቆጣጣሪ ጠሩ። ተቆጣጣሪው ሁሉንም አየ፣ ገደሉም ድረስ ተመርቶ ሄዶ አየ። በሁለቱ ቤት ያለው ተክል በሙሉ ይቃጠል አለ፤ ያለ ተቆጣጣሪ ስለተቃጠለውም ድርጅቱን ቀጥቶ ለአንድ የምርት ወቅት ፈቃዱን አገደ። ሆስፒታሉም ዘይቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ ዘንድ ተነገረው፤ በአገሩ ግን ሌላ ቦታ አልነበረም።

በጠራራ ፀሐይ ግቢው መሀል ተቃጠለ። ሠራተኞቹ ተክሉን እየተሸከሙ እሳቱ ውስጥ ይጥላሉ። ባዩልኝ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ቆሞ ሳለ ሻምበል ደግፌ መጡና አጠገቡ ቆሙ።

«ፍግ ነው ያልከኝ ይሄን ነው» አሉ ሻምበል።

«አዎ።»

«ሌባ ነህ ብዬ አምኜ ነበር። ምዬ መናገር እችል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን ቢሮህ ስመጣ ብትነግረኝ ኖሮ፣ እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ ዝንብ አላስገባም ነበር።»

ባዩልኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሻምበል፣ እውነቱን ልንገርዎት። እርስዎ የሚፈልጉት ትርፍዎን ብቻ መስሎኝ ነበር።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

ሻምበል ከእሳቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተናገሩ። «ርብቃ የምትባል ልጅ አለችኝ። አንድ ልጄ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ይጥላታል። ገበያ መሀል ትወድቃለች፤ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ትምህርቷን በዚህ ምክንያት አቋረጠች። ሐኪሙ ይህን ዘይት ብታገኝ ይሻላታል አለኝ። ከውጭ የሚመጣውን እኔ አልችለውም። እዚህ ሊመረት ነው ሲሉ ነው አክሲዮን የገዛሁት። ትርፉን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ተክሉ በኋላ በር ለአጫሽ እየተሸጠ ነው ሲሉኝ ነው ያበድኩት።»

ባዩልኝ በነዚያ ሁሉ ዓመታት እኒህን ሰው ለምን አክሲዮን እንደገዙ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቋቸው አያውቅም።

«ለምን ይህን አልነገሩኝም?» አለ በመጨረሻ።

«ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ሌባ ለመሰለኝ ሰው ደግሞ የልጄን ሕመም አልነግርም።»

እሳቱ ቀስ በቀስ ወደ አመድነት ሲለወጥ ሁለቱም ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

በተከታዩ ጉባኤ ባዩልኝ ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ ያደረገውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። ከሥራ አስኪያጅነቱ ይነሣ ተባለና ተነሣ። ሻምበልም እጃቸውን አውጥተው፣ «በሩን ያሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ከዚህ በኋላ በጉባኤው ላይ ድምፅ አልሰጥም» አሉ። ሰዎች ተዉ አሏቸው፤ እምቢ አሉ። ሥራ አስኪያጅነቱ ለትርሲት ተሰጠ። ትርሲት ከመቀመጧ በፊት የተናገረችው አጭር ነበር፦ «መልካም ዜና ሲኖር እስከ ጉባኤው ድረስ ይቆያችሁ። መጥፎ ዜና ካለ ግን በዚያው ቀን ትሰማላችሁ። እናንተም የጠረጠራችሁትን በዚያው ቀን መጥታችሁ ጠይቁኝ።»

ግሪንሃውሶቹ ታጥበው፣ አፈሩ ተቀይሮ ባዶ ሆነው እገዳው እስኪያበቃ ሲጠብቁ፣ አንድ ነገር ሆነ። ርብቃ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሳለች ጣላት። የወደቀችው የከሰል ምድጃው ላይ ነው። ጎረቤት ደርሶ ሲያነሳት ቀኝ እጇ ተቃጥሎ ነበር።

ባዩልኝ ይህን ከሰው ሰማ። መሄድ ፈራ፤ አለመሄድም ፈራ። በመጨረሻ ብርቱካን ገዝቶ ሄደ። በሩን የከፈተችለት ራሷ ርብቃ ናት። ክንዷ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቁመቷ የአባቷ ነው።

«ማን ልበል?» አለችው።

«ባዩልኝ እባላለሁ። ቀድሞ ዘይቱን የሚሠራው ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ስሙን ሰምታው አታውቅም ነበር። አባቷ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አላነሱትም። ድርጅቱን ግን ታውቀዋለች። ፊቷ በራ።

«ዘይቱ ደረሰ እንዴ?»

ሻምበል ከውስጥ ብቅ አሉ። ባዩልኝን አይተው ቆም አሉ፤ ከዚያ «ግባ» አሉት። ገብቶ ተቀመጠ። ብርቱካኑን እግሩ ሥር አኖረው።

«ገና ነው» አላት። «አልደረሰም።»

«አምና ነበር እኮ ሊደርስ ነው የተባለው። ምን አዘገየው?»

ባዩልኝ ወደ ሻምበል አየ። ሻምበልም ወደ እሱ አዩ። እያንዳንዳቸው በዚያች ሰዓት ሌላውን ሊከሱ ይችሉ ነበር። ባዩልኝ «አባትሽ በሩን አሰበሩ» ቢል ሐሰት አልነበረም። ሻምበልም «ይህ ሰው ዋሸን» ቢሉ እንደዚሁ። ልጅቱ ግን ፋሻዋን በግራ እጇ ደግፋ መልሱን ትጠብቃለች። በፋሻው ፊት ሁለቱም ክሶች ምንም አይመዝኑም ነበር።

«እኛ ነን ያዘገየነው» አለ ባዩልኝ። «እኔና አባትሽ።»

ሻምበል አንገታቸውን ደፉ። «እውነቱን ነው» አሉ። «እኛ ነን።»

ርብቃ አንዴ አባቷን አንዴ እንግዳውን አየች። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

በሚቀጥለው ወቅት ዘይቱ ወጣ። ርብቃ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆና አገኘችው። መውደቁ ጨርሶ አልተዋትም፤ ግን ረገብ አለላት፤ ወደ ትምህርቷም ተመለሰች። የቀኝ እጇ ጣቶች ግን አልተዘረጉም። እስክሪብቶ በግራዋ መያዝ ተማረች።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መከራከሩ አይቀርም። አንዱ ሥራ አስኪያጁ መዋሸት አልነበረበትም ይላል፤ ሌላው ሻምበል ሳያጣሩ መነሣት አልነበረባቸውም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አደራ የተቀበለ ሰው ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ አደራ የሰጡት ሰዎች ንጽሕናውን የሚያዩበትን መንገድ ሊከፍትላቸው ይገባል። አደራ የሰጠ ሰውም መጠየቅ መብቱ ነው፤ ነገር ግን ጥርጣሬውን ከማስረጃ አስቀድሞ ፍርድ ካደረገው ሊያድነው የመጣውን ነገር በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። አለቃና ባለቤት፣ መሪና ተመሪ፣ ባልና ሚስት ሲደባበቁና ሲጠራጠሩ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በክርክሩ ውስጥ ስሙ እንኳ ያልተነሣ ሰው ነው።

እናንተስ፣ ዛሬ ከማን ጋር ነው የምትደባበቁት? የእናንተ ጠብ እስኪያልቅ እየጠበቀች ያለችው ርብቃስ ማን ናት?